የምግብ ቧንቧ መዘጋትና መቀደድ፦ ስቴንትና የቫኪዩም ሕክምና

ምግብ ከአፍ ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ ሲዘጋ ወይም ሲቀደድ ለረዥም ዘመን የነበረው ዋነኛ አማራጭ ደረትን ከፍቶ መጠገን ነበር። ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ግን በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ብርሃንና ካሜራ በያዘ ተጣጣፊ ቱቦ አማካይነት፣ ደረት ሳይከፈት የሚሰጡ ሁለት የሕክምና ዘዴዎች ሥራ ላይ ውለዋል። አንደኛው ቧንቧውን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ፣ ስቴንት የተባለ የሽቦ መረብ ቱቦ ሲሆን፣ ሁለተኛው መግልና ፈሳሽን በስፖንጅ አማካይነት እየመጠጠ ቁስሉ እንዲሽር የሚያደርገው የቫኪዩም ሕክምና ነው። ሁለቱ በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ የሚሠሩ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ አንዱ የሌላው ምትክ ተደርገው ይነገራሉ። አገልግሎታቸው ግን የተለያየ ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘረጋው መስመር በብዛት የሚታይ በሽታ ነው። በአገር ውስጥም ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ ሕሙማን ቁጥር ከፍ ያለ መሆኑን ሐኪሞች ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲያስተውሉ ቆይተዋል። አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደና በቀዶ ሕክምና የማስወገድ ዕድል ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በቅድሚያ የሚያስጨንቀው ካንሰሩ ሳይሆን ውኃ እንኳ መዋጥ አለመቻሉ ነው። በመሆኑም ስለ ስቴንት መነጋገር የረቀቀ ሕክምናን የማስተዋወቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሕመምተኛ የቀረውን ዕድሜ እየበላና እየጠጣ ይኖራል ወይስ በረኃብ ይሞታል የሚለው ጥያቄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቧንቧውና አደጋው

የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከጉሮሮ ተነሥቶ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል በልብ ጀርባ አልፎ፣ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሰንጥቆ ከጨጓራ ጋር ይገናኛል። ከአየር ቧንቧ ጋር ጎን ለጎን የሚወርድ ሲሆን፣ ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ቅዳም በአጠገቡ ያልፋል። ይህ ጉርብትና በኋላ ስለ ሕክምናዎቹ ጉዳት ሲነሣ ትርጉም ይኖረዋል።

የምግብ ቧንቧን ከአንጀትና ከጨጓራ የሚለየው ዐቢይ ነገር የውጭ ልባስ የሌለው መሆኑ ነው። አንጀትንና ጨጓራን ከውጭ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ስፌት አጥብቆ ለመያዝና ቁስል ቶሎ ለመግጠም ይረዳል። የምግብ ቧንቧ ይህ ስለሌለው ስፌቱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ካንሰርም በዙሪያው ወደሚገኙ አካላት ለመዛመት ብዙ አይቸገርም። በተጨማሪም ሰው አየር በሚስብበት ጊዜ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ያንሳል። ስለዚህ ቧንቧው ቀዳዳ ካለው ምራቅ፣ ምግብና የጨጓራ አሲድ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ደረት ውስጥ ይሳባሉ። የሚከተለው መግል፣ የደም መመረዝና ሞት ነው።

ይህ አደጋ በሕክምና መዛግብት መጀመሪያ በዝርዝር የተጻፈው በሆላንድ ነው። በ1723 የሆላንድ ባሕር ኃይል አድሚራል የነበሩት ባሮን ቫን ቫሰናር ጠግበው ከበሉ በኋላ እንዲያስታውካቸው ማስታወኪያ ይወስዳሉ። በብርቱ ሲታገሉም ድንገት ደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር የተቀደደ ያህል ተሰማቸው፤ አንድ ቀን ሳይሞላቸውም ሞቱ። አስከሬናቸውን የመረመሩት ስመ ጥሩው ሐኪም ሄርማን ቡርሃቨ ደረታቸው ሲከፈት የበሉት የዳክዬ ሥጋ ሽታ እንደሸተታቸው በ1724 ባሳተሙት ጽሑፍ አስፍረዋል። በትውከት ኃይል የሚመጣ የምግብ ቧንቧ መቀደድ እስከ ዛሬ በእኚሁ ሐኪም ስም ይጠራል።

በዘመናችን ቧንቧው የሚቀደድባቸው ምክንያቶች በርካታ ናቸው። የተዋጠ አጥንት ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የጠበበ ቧንቧን በማስፋት ሂደት የሚደርስ ጉዳት፣ እንዲሁም የኢንዶስኮፒ ምርመራው ራሱ አልፎ አልፎ ሊበሱት ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሐኪሞችን የሚያስጨንቀው ካንሰር የያዘው ክፍል ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ጨጓራው ወደ ላይ ተስቦ ከቀረው ቧንቧ ጋር የተሰፋበት መጋጠሚያ ሲያፈስ ነው።

ስቴንት ከየት መጣ

ስሙ የተወሰደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይኖሩ ከነበሩት እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ከቻርልስ ስቴንት ነው። ሰውየው የጥርስን ቅርጽ ለመቅረጽ የሚያገለግል ውሁድ በማሻሻል እንጂ በምግብ ቧንቧ ሕክምና አይታወቁም። ውሁዱ ከጊዜ በኋላ ለተተከለ ቆዳ ድጋፍ በመሆን በማገልገሉ፣ ስሙ ከውስጥ ደግፎ ለሚይዝ ለማንኛውም ነገር መጠሪያ ሊሆን በቃ።

በካንሰር በተዘጋ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ቱቦ የማስቀመጥ ሙከራ በ1880ዎቹ በለንደን ተጀምሯል። ከዚያም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦዎች ተሠሩ። ይሁን እንጂ እነዚህ ቱቦዎች ውፍረታቸው የማይለወጥ በመሆኑ እነርሱን ለማስገባት የጠበበውን ሥፍራ አስቀድሞ በብዙ ማስፋት ግድ ነበር። በዚህም ሂደት ቧንቧው ይበሳ ነበር።

ለውጡ የመጣው ከሽቦ የተሠራ፣ ተጨምቆ የሚገባና ከገባ በኋላ በራሱ የሚሰፋ ስቴንት ሲገኝ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ስቴንቶች የሚሠሩት ናይቲኖል ከተባለው የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ነው። ይህ ብረት ተጨምቆ ቆይቶ ሲለቀቅ ወደ ተሠራበት ቅርጽ የመመለስ ጠባይ አለው። በ1993 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ የጀርመን ጥናት በቀዶ ሕክምና ሊወገድ በማይችል ካንሰር የተያዙ 42 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የፕላስቲኩን ቱቦና የብረቱን ስቴንት አነጻጸረ። ሁለቱም መዋጥን አሻሽለዋል፤ ብረቱ ያስከተለው ጉዳት ግን በጣም ያነሰ ነበር። የብረቱ ስቴንት ዋጋ ከፕላስቲኩ የበለጠ ቢሆንም፣ ሕሙማኑ በሆስፒታል የሚተኙባቸው ቀናት በማነሳቸው ተጨማሪው ወጪ መካካሱን አጥኚዎቹ አሳይተዋል። ይህ ነጥብ በግዥና በበጀት ሥራ ላይ የተሰማሩ ወገኖች ሊያስተውሉት የሚገባ ነው። የዕቃው ዋጋ ብቻውን የሕክምናውን ዋጋ አያሳይም።

አገባቡና ሕሙሙ የሚያገኘው ጥቅም

ሐኪሞች የመዋጥ ችግርን ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ ይመዘግባሉ። ማንኛውንም ምግብ የሚውጥ 0፣ አንዳንድ ጠጣር ምግብ ብቻ የሚያስቸግረው 1፣ ለስላሳ ምግብ ብቻ የሚወርድለት 2፣ ፈሳሽ ብቻ የሚወርድለት 3፣ የራሱን ምራቅ እንኳ መዋጥ ያልቻለ 4 ይባላል። ስቴንት የሚታሰበው በአብዛኛው 3 እና 4 ላይ ለደረሱት፣ አንዳንዴም 2 ላይ ላሉት ሕሙማን ነው።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ሕሙሙ ማስታገሻ ወይም ማደንዘዣ ከተሰጠው በኋላ ሐኪሙ በኢንዶስኮፕ ዕጢው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሥፍራ ይለካል። ቀጭን መሪ ሽቦ በጠባቡ ሥፍራ ያሳልፋል፤ አስፈላጊ ሲሆንም በጥቂቱ ያሰፋዋል። ከዚያም የተጨመቀው ስቴንት በሽቦው ላይ ተመርቶ ይገባና ይለቀቃል። ርዝመቱ ከዕጢው በላይና በታች በየበኩሉ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል እንዲያልፍ ተደርጎ ይመረጣል። ሙሉ በሙሉ እስኪሰፋ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይወስዳል። ሆኖም ብዙ ሕሙማን በማግሥቱ ፈሳሽ መጠጣት ይጀምራሉ።

በበለጸጉት አገሮች ስቴንቱ ሲገባ በፍሎሮስኮፒ፣ ማለትም ቀጣይነት ባለው የራጅ ምስል፣ መከታተል የተለመደ ነው። ይህ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል ሕክምናውን መስጠት አይቻልም የሚል እምነት ለብዙ ዓመታት ነበር። በኬንያ ቦሜት የሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ግን የተለየ መንገድ አሳየ። የሆስፒታሉ ሐኪሞች በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ የዕጢው ጫፎች ከፊት ጥርስ ያላቸውን ርቀት በሴንቲሜትር በመለካትና በኢንዶስኮፑ በዓይን በመከታተል ስቴንትን ያለ ራጅ ማስገባት እንደሚቻል ገለጹ። በ2009 ደግሞ ዶክተር ራስል ኋይትና ባልደረቦቻቸው በዚያው ሆስፒታል በስቴንት ብቻ የታከሙትን በርካታ ሕሙማን ውጤት ላንሴት ኦንኮሎጂ በተባለው መጽሔት አወጡ። የምሥራቅ አፍሪካ የገጠር ሆስፒታል ለዓለም የሕክምና ማኅበረሰብ መረጃ ያበረከተበት ይህ ሥራ ከሚገባው በታች የተነገረለት ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ስቴንት ካንሰሩን አይፈውስም። ይህን ለሕሙሙና ለቤተሰቡ አስቀድሞ በግልጽ መንገር የሐኪሙ ግዴታ ነው። ችግሮችም አሉት። ስቴንቱ ከቦታው ሊንሸራተት፣ ዕጢው በመረቡ ቀዳዳዎች ወይም በጫፎቹ በኩል አድጎ እንደገና ሊዘጋው፣ ደም ሊፈስና የደረት ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ዕጢው እንዳያድግበት ስቴንቱ በፕላስቲክ ነክ ሽፋን ይለበሳል፤ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነው ደግሞ በቀላሉ ይንሸራተታል። በዚህ ምክንያት ለካንሰር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መካከሉ ተሸፍኖ ጫፎቹ ክፍት የሆኑት ነው። ስቴንቱ በቧንቧውና በጨጓራው መገናኛ ላይ ካረፈ አሲድ ወደ ላይ እንዲመለስ መንገድ ስለሚከፍት፣ ሕሙሙ ራሱን ከፍ አድርጎ መተኛትና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት መውሰድ ይኖርበታል።

የአመጋገቡ ነገር በአገራችን ማዕድ ሲታይ ልዩ ትኩረት ይሻል። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ወተት፣ በመረቅ በደንብ የራሰ ፍትፍትና በሚገባ የላመ ወጥ ያለ ችግር ያልፋሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ጥብስ፣ ደረቅ ዳቦና በትልቁ የተጠቀለለ ደረቅ እንጀራ ግን ስቴንቱን ሊዘጉት ይችላሉ። ሕሙሙ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በጥቂት በጥቂቱ ጎርሶና አላምጦ፣ በየመካከሉ ውኃ እየጠጣ እንዲመገብ ይመከራል። አክብሮትን በጉርሻ መግለጽ በተለመደበት ቤት ይህን ምክር ለአስታማሚዎችም መንገር ያስፈልጋል።

ከስቴንት ሌላ አማራጭ መኖሩም መዘንጋት የለበትም። በሆላንድ 209 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2004 በላንሴት የታተመ ጥናት ስቴንትን በቧንቧው ውስጥ ከሚሰጥ የጨረር ሕክምና ጋር አነጻጽሯል። ስቴንቱ ሕሙማኑ ቶሎ እንዲውጡ አድርጓል። የጨረር ሕክምናው ፋይዳ ግን ዘግይቶ የሚታይ ቢሆንም ረዘም ላለ ጊዜ የቆየና ችግሩም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት ይቆያል ተብሎ ለሚገመትና የጨረር አገልግሎት ለሚያገኝ ሕሙም ጨረሩ ሊሻል ይችላል። የጨረር ማዕከላት ጥቂት በሆኑበትና ወረፋው በሚረዝምበት አገር ግን ምርጫው በአብዛኛው በስቴንትና በምንም መካከል ይሆናል።

የቫኪዩም ሕክምና

ቁስልን በመምጠጥ ኃይል ማከም የተስፋፋው ከቆዳ ላይ ቁስሎች ተነሥቶ ነው። አርጀንታና ሞሪክዋስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ባደረጉት ጥናት በቁስል ላይ ስፖንጅ ተደርጎና በላስቲክ ተሸፍኖ የ125 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የመምጠጥ ኃይል ሲሰጠው ቁስሉ እንደሚጠራ፣ የደም ዝውውሩ እንደሚሻሻልና አዲስ ሥጋ እንደሚያበቅል በ1997 አስታወቁ። ጀርመኖች ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሰውነት ውስጥ አስገቡት። በመጀመሪያ የሞከሩት ከፊንጢጣ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሚያፈሱ መጋጠሚያዎች ላይ ሲሆን፣ ቀጥሎ በሃኖቨር ዶክተር ዮኸን ቬደማየርና ባልደረቦቻቸው በደረት ውስጥ የሚያፈሱ የምግብ ቧንቧ መጋጠሚያዎችን በዚሁ ዘዴ ማከማቸውን በ2008 በታተመ ጽሑፍ ገለጹ።

ዘዴው ሲታይ ቀላል ነው። በአፍንጫ የሚገባ የተለመደ የጨጓራ ቱቦ ጫፍ ላይ ቀዳዳማ ስፖንጅ በክር ይታሰራል። ስፖንጁ እንደ ቁስሉ መጠን ተቆርጦ በኢንዶስኮፕ እየተመራ በቀዳዳው በኩል መግሉ ወዳለበት ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ቀዳዳው ትይዩ ይቀመጣል። የቱቦው ሌላ ጫፍ በአፍንጫ ወጥቶ ከመምጠጫ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። መምጠጡ ሲጀመር ስፖንጁ ይጨማደዳል፤ በዙሪያው ያለው ሥጋም ወደ ስፖንጁ ይሳባል። በዚህም ቀዳዳው ይሸፈናል፣ መግሉ ይወጣል፣ ጉድጓዱም ከቀን ወደ ቀን ይጠባል። ቀደም ሲል እንደተገለጸው ደረት በእያንዳንዱ ትንፋሽ የቧንቧውን ይዘት ወደ ራሱ ይስባል። የቫኪዩም ሕክምና ይህን የፍሰት አቅጣጫ ይገለብጠዋል። የዘዴው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

አስቸጋሪው ድግግሞሹ ነው። አዲስ የሚበቅለው ሥጋ በስፖንጁ ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሚገባ ስፖንጁ በየ3 እና 5 ቀናት ልዩነት መለወጥ አለበት። በእያንዳንዱ ለውጥ ኢንዶስኮፒ ይደገማል፤ ማደንዘዣም እንዲሁ። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሳምንታት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕሙሙ በአፉ አይመገብም። ምግብ የሚያገኘው ወደ አንጀት በሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ ወይም በደም ሥር ነው። በአፍንጫው ላይ ሁልጊዜ ቱቦ መኖሩም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከጉዳቶቹ ሁሉ የሚያስፈራው የደም መፍሰስ ነው። ስፖንጁ ከትልቅ የደም ሥር አጠገብ ካረፈ የሚያስከትለው መድማት ሕይወትን ሊያጠፋ ይችላል። ስለሆነም ሐኪሞች አስቀድመው በሲቲ ስካን የጉድጓዱን አካባቢ ያጠናሉ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ ሕሙማንም ልዩ ጥንቃቄ ያደርጋሉ። ካንሰር ባለበት ጉድጓድ ውስጥ ስፖንጅ ማስቀመጥ አይመከርም።

ለዚህ ሕክምና ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ ዕቃ በጀርመን ተሠርቶ ይሸጣል። ዋጋው ለብዙ አገሮች ከባድ በመሆኑ የብራዚል ሐኪሞች የራሳቸውን አማራጭ ፈጥረዋል። ቀዳዳዎች ባሉት የጨጓራ ቱቦ ላይ ጋዝ ጠቅልለው፣ በላዩ ለቀዶ ሕክምና የሚያገለግል ስስ ተጣባቂ ላስቲክ አልብሰውና በመርፌ በሳስተው በሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ካለው የመምጠጫ መስመር ጋር ያገናኙታል። እያንዳንዱ ዕቃ በማንኛውም ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገኝ ነው። ይሁንና ዕቃው ርካሽ ሆነ ማለት ሕክምናው ርካሽ ሆነ ማለት አይደለም። በየሦስትና አምስት ቀኑ የሚደጋገመው ኢንዶስኮፒ፣ ሰመመን ሰጪው ባለሙያና ሳምንታት የሚወስደው አልጋ የሚያስከትሉት ወጪ በጋዝና በላስቲክ አይተካም።

የትኛው ለማን

ስቴንትም የፈሰሰ መጋጠሚያን ለመሸፈን ያገለግላል። ሙሉ በሙሉ የተሸፈነው ዓይነት ቀዳዳው ላይ ተዘርግቶ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ከቆየ በኋላ ይወጣል። ጠቀሜታው ሕሙሙ ቶሎ በአፉ መመገብ መቻሉ ነው። ጉድለቱ ደግሞ መግሉን አለማውጣቱ ነው። ስቴንት ክዳን ነው፤ ከክዳኑ በስተጀርባ የተጠራቀመ መግል ካለ በሌላ ቱቦ በደረት በኩል መውጣት ይኖርበታል። ይህ ሳይደረግ ቀዳዳውን ብቻ መሸፈን ሕሙሙን ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

የሃኖቨር ሐኪሞች በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ በሆስፒታላቸው የታከሙ 71 ሕሙማንን መዝገብ ወደ ኋላ ተመልሰው መርምረዋል። ቀዳዳው የተዘጋው በቫኪዩም ከታከሙት 32 ሕሙማን በ84.4 በመቶው ሲሆን፣ በስቴንት ከታከሙት 39 ሕሙማን ግን በ53.8 በመቶው ነበር። ከዳኑ በኋላ የቧንቧ መጥበብ የደረሰባቸውም በስቴንቱ ወገን 28.2 በመቶ፣ በቫኪዩሙ ወገን 9.4 በመቶ ሆነዋል። አኃዞቹ ቢያስደንቁም ሕሙማኑ ለአንዱ ወይም ለሌላው ሕክምና በዕጣ የተመደቡ አልነበሩም። ስለዚህ ውጤቱ ወደ ቫኪዩም የሚያደላ ምልክት ተደርጎ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። በኋላ የወጡ የተለያዩ ጥናቶችን ያጠቃለሉ ትንተናዎችም ለሚያፈስ መጋጠሚያ ወደ ቫኪዩሙ ያመዝናሉ። በቅርብ ዓመታት በጀርመን ሁለቱን አጣምሮ የያዘ፣ በውጭ ገጹ ስፖንጅ የለበሰ ስቴንት ተሠርቷል። ዓላማው መምጠጡ ሳይቋረጥ ሕሙሙ በአፉ እንዲመገብ ማስቻል ነው።

በአጭሩ ሲታይ የዘዴዎቹ ድርሻ እንዲህ ነው። በካንሰር ለተዘጋ ቧንቧ የሚያገለግለው ስቴንት ነው፤ ቫኪዩም እዚያ ቦታ የለውም። ካንሰሩ ቧንቧውን ወደ አየር ቧንቧው በስቶ የተዋጠው ሁሉ ወደ ሳንባ የሚገባበት ሕሙምም የሚታከመው በተሸፈነ ስቴንት ነው። መግል የቋጠረ የፈሰሰ መጋጠሚያ ቫኪዩምን ይሻል። ቶሎ የታወቀና ገና መግል ያልቋጠረ አነስተኛ ቀዳዳ በሁለቱም ሊታከም ይችላል። በበረኪና ወይም በባትሪ አሲድ ጠባሳ ለጠበበ ቧንቧ ደግሞ የመጀመሪያው ሕክምና በየጊዜው ማስፋት ነው፤ ስቴንት የሚታሰበው ይህ ሳይሳካ ሲቀር ለጊዜው ብቻ ነው።

አቅርቦትና ሪፈራል

በዚህ ጸሐፊ እምነት ከሁለቱ ዘዴዎች ለእኛ አገር ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ስቴንት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በስቴንት የሚረዱት ሕሙማን ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ ሥራው በአንድ ጊዜ ይጠናቀቃል፤ ፍሎሮስኮፒ ባይኖርም እንደሚሠራ ጎረቤት አገር አስመስክራለች። የቫኪዩም ሕክምና ግን ሰፊ የደረት ቀዶ ሕክምና በሚሰጥባቸውና ኢንዶስኮፒ ማታም ሆነ በበዓል ቀን በሚገኝባቸው ጥቂት ሆስፒታሎች ሊወሰን ይችላል።

የስቴንት ትልቁ መሰናክል ዋጋው ነው። የአፍሪካ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ጥምረት ከአንድ አምራች ኩባንያና ከክሊንተን የጤና ተደራሽነት ተቋም ጋር በመተባበር በቅናሽ ዋጋ የሚቀርብበትን መርሐ ግብር በመጀመሪያ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በዛምቢያ አስጀምሯል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብዙ ሆስፒታሎች ፍላጎታቸውን በአንድነት ሲያቀርቡ ዋጋው የሚወርድ መሆኑ ነው። ስቴንት በየርዝመቱና በየስፋቱ የሚመረጥ ዕቃ በመሆኑ እያንዳንዱ ሆስፒታል ለየብቻው በጥቂቱ ሲገዛ የሚያስፈልገው መጠን በሚፈለግበት ዕለት አይገኝም፤ የተገዛውም የአገልግሎት ጊዜው በመጋዘን ያልፋል።

በሽታውን ቀድሞ መከላከልም አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተደረገና በ2017 የታተመ አነስተኛ ጥናት ጫት መቃም ከምግብ ቧንቧ ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት ፈትሿል፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የመነሻ ጥናት ያሉት በመሆኑ ሰፋ ያለ ክትትል ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በበኩሉ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ መጠጥ መጠጣትን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ተርታ በ2016 መድቦታል። ትኩስ ገንፎና ትኩስ ሻይ ሳይበርዱ መዋጥ በተለመደባቸው አካባቢዎች ይህ ሊነገር የሚገባው ነው።

ለጤና ጣቢያና ለመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ባለሙያ ዋናው ነገር ምልክቱን ለይቶ በጊዜ መላክ ነው። ጠጣር ምግብ አልወርድ ማለት የጀመረበት አዋቂ ሰው፣ በተለይም ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ፣ የጨጓራ መድኃኒት እየተሰጠው ለወራት መመላለስ የለበትም፤ ኢንዶስኮፒ ወዳለበት ሆስፒታል ሊላክ ይገባል። ከብርቱ ትውከት፣ ከተዋጠ አጥንት ወይም ከኢንዶስኮፒ በኋላ ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ ትኩሳት ወይም በአንገት ቆዳ ሥር የአየር እብጠት የታየበት ሰው ደግሞ የሚላከው በዚያው ሰዓት ነው። ሕክምናው ከ24 ሰዓት በላይ በዘገየ መጠን የሞት አደጋው ይጨምራል። እንዲህ ያለው ሕሙም በአፉ ምንም እንዳይሰጠው፣ በደም ሥሩ ፈሳሽና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲጀመርለት፣ በሪፈራል ወረቀቱም ላይ ምልክቱ የጀመረበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም እንዲጻፍ ያስፈልጋል። ስቴንት የገባለት ሰው ከሆነም የስቴንቱ ዓይነት፣ ርዝመትና የገባበት ቀን በወረቀቱ ላይ መሥፈር አለበት፤ ተቀባዩ ሐኪም የሚወጣውን ከማይወጣው የሚለየው በዚህ ነው።